ሦስት ትርፍ ጠብታ

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ፣ ያ ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያኮርፈው፣ እንዴት ነው? እማዬስ ደህና ናት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ጠዋት ጠዋት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን ይፈልጋል። የልጅ ልጅህ ሁለት የፊት ጥርሶቿን በአንድ ሳምንት አውልቃ አሁን ስታወራ እንደ ማንቆርቆሪያ ታፏጫለች፤ አያቴ ሲስቅብኝ ምን እላለሁ ብላም ትጨነቃለች።

ሁለት ወር ሙሉ አለመጻፌን ስንፍና አትበለው። ወረቀት አውጥቼ «ለምወድህ አባቴ» ካልኩ በኋላ መልሼ መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት ሦስት ጊዜ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ አውቅሃለሁ፤ ወሬው ወደ ክፉ ዘወር ሲል «ቆይ እናትሽን ላገናኝሽ» ብለህ ታመልጣለህ።

መጀመሪያ የኬሚስቶች ማኅበራችንን ወሬ ልንገርህ። የእኛ ከተማ ቅርንጫፍ አሁንም ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በእነዚያ መደገፊያ በሌላቸው ረጃጅም በርጩማዎች ላይ ተደርድሮ ይሰበሰባል። ባለፈው ወር የሳሙና ፋብሪካው ባልደረባችን ስለ አረፋ አንድ ሰዓት ተኩል ተናገረ፤ አረፋ ስለሆነ ነው መሰለኝ በእጃችን የቀረ ነገር የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሠርቶ ማሳያ አቅርበን፣ የሊቀ መንበሩ ነጭ ሸሚዝ እጅጌው ሐምራዊ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ከትምህርቱ ሁሉ አብልጠው የወደዱት እሱን ነው።

ከዚህ በላይ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የምጽፍልህ ስለ ዘንድሮው ሜዳሊያ ነው።

አንተ ማኅበሩን ከመሠረቱት አሥራ አንድ ሰዎች አንዱ ነህ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሌሎች ስታጨበጭብ ኖረሃል። «ሜዳሊያ አንገት ያጎብጣል» እያልክ ትቀልዳለህ፤ እኔ ግን ከሽልማቱ ቀን ስትመለስ ኮትህን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ለረጅም ጊዜ እንደምትቀመጥ እያየሁ ነው ያደግኩት። ዘንድሮ ጡረታ ሳትወጣ ሥራህን እንዳስገባህ ለማንም አልነገርክም፤ ሕጉ ስለሚከለክል ለእኔም አልነገርክኝም። ነገር ግን ግራጫውን ሙሉ ልብስህን ለልብስ ሰፊ ሰጥተህ እንዳስጠበብከው እማዬ አጫወተችኝ። ለምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ወይም ያላወቀች መሰለች።

ሕጉን ካወጡት አንዱ አንተ ነህና ላስረዳህ አይገባም፤ ጥፋቴ የሚታየው ግን እሱ ሲነሣ ስለሆነ ላንሣው። ለሜዳሊያ የቀረበ ሥራ የማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ሲደርስ ስም ያለበት ገጽ ተነሥቶ ይቆለፍበታል። ሥራው ቁጥር ብቻ ይዞ፣ ከነናሙናው፣ ሌላ ከተማ ወዳለ አባል ይላካል። ያ አባል ሥራውን በገዛ እጁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠርቶ ያንኑ ውጤት ካላገኘ ሜዳሊያ የለም። ማኅበሩ እኛን «ደጋሚ» ይለናል፤ ፈተና የወደቅን ተማሪዎች ይመስል። ባለ ሥራው ማን እንደሆነ ያወቀ ደጋሚ ደግሞ ሣጥኑን ሳይነካ መመለስ አለበት።

ለእኔ ቁጥር ዘጠኝ ደረሰኝ። ሣጥኑ ውስጥ ሃያ ትንንሽ የዘይት ጠርሙሶች፣ አንድ ጠብታ መቁጠሪያ፣ አንድ ብልቃጥና በታይፕ የተጻፈ መመሪያ ነበሩ። ሥራው የምግብ ዘይት ምን ያህል አሲድ እንዳለው፣ ላቦራቶሪ ሳያስፈልግ፣ እዚያው መጭመቂያው ደጃፍ ላይ የሚለካ ነው። ዘይቱ ላይ አሲድ የሚያመክን ፈሳሽ ጠብታውን እየቆጠሩ መጨመር፤ ፈዛዛ ሮዝ ቀለም መጥቶ ሲጸና ማቆም፤ የጠብታው ቁጥር መልሱ ነው። ቀላልነቱ አስቀናኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ «ብልቃጡ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፤ የቸኮለ ሰው ሁለቴ አጥቦ አራቴ ይሠራል» ይላል። አባዬ፣ ይህን እኮ ሰሃን ሳጥብ ከጀርባዬ ቆመህ ስትለኝ ነው ያደግኩት።

ያን ጊዜ ሣጥኑን መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁትም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀጠልኩ። ስምህ በአዳራሹ ሲጠራ፣ ሥራህን ያረጋገጠው እጅ የእኔ እንዲሆን ፈለግኩ። ማንም ባያውቅ እኔ አውቀዋለሁ አልኩ። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የውኃ ጽሕፈት ቤታችን ላቦራቶሪ ጭር ሲል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ሠንጠረዥህ ላይ አሥራ አራት ጠብታ ይላል፤ እኔ በአሥራ አንደኛው ሮዝ ሆነብኝ። ሁለተኛው አሥራ ሦስት ይላል፤ እኔ አሥር። እጄን ጠረጠርኩ። ፈሳሹን እንደ አዲስ በጠበጥኩ፣ ጠብታ መቁጠሪያውን ለወጥኩ፣ ብልቃጡንም ስድስት ጊዜ አጠብኩ። ሃያውንም ጨርሼ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣሁ። ልዩነቱ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት፤ ሁልጊዜም ወደ አንድ ወገን። የእጅ ስህተት ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ስህተት ግን ምክንያት አለው። ይህንንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ምክንያቱን ያገኘሁት መብራት ሲጠፋ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ መብራት ሄደ። ቆጠራ ላይ ስለነበርኩ ላቋርጥ አልፈለግኩም፤ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ይዤ ቀጠልኩ። ሮዙ ሲታየኝ አቆምኩ፤ አሥራ አራት። ያንተ ቁጥር። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም፤ ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። መብራቱ ሲመጣ ግን ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈዛዛ ሮዝ አልነበረም፤ የልጅ ልጅህን የትምህርት ቤት ቦርሳ የመሰለ ደማቅ ቀለም ነበር። ሳላየው ሦስት ጠብታ አልፌዋለሁ።

ሰኞ ዕለት የሥራ ባልደረባዬን ጥቁር የፀሐይ መነጽር ተዋስኩ። ባልሽ መትቶሽ ነው ወይ ብላ አሾፈችብኝ። እሱን አድርጌ ሃያውንም ጠርሙስ እንደገና ቆጠርኩ፤ አሥራ ስምንቱ ከሠንጠረዥህ ጋር ልክ ለልክ ገጠሙ። መነጽሩን አውልቄ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ሁሉም ነገር የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ስንመጣ የልጅቷን ነጭ ሹራብ «ይኼ ቢጫ ያምርባታል» አልክ፤ ሁላችንም ሳቅንብህ፣ አንተም አብረኸን ሳቅክ። ሻይ ስትቀዳ ጣትህን ኩባያው ጠርዝ ላይ አሳርፈህ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱን ለመንገድ መብራት ስስታም ነው እያልክ ስታማው፣ እኔ ደግሞ እውነትህን ነው እያልኩ አጅቤሃለሁ። ዓይንህ እየደከመ ነው አባዬ፤ አንተም ታውቃለህ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው አስቤ ነበር፤ አልዋሽህም። ባለቤቴም ሦስት ጠብታ ማንን ይጎዳል፣ ሽማግሌው ደስ ብሎት ጡረታ ይውጣ አለኝ። ክፉ አስቦ እንዳይመስልህ፤ ስለሚወድህ ነው። ሦስት ቃል ብጽፍ፣ «ተደግሟል፤ ትክክል ነው» ብል፣ ሜዳሊያው ያንተ ነበር።

ያስቆመኝ የሠንጠረዥህ የመጨረሻ ዓምድ ነው። ከየመጭመቂያው የሚመጣውን ዘይት የምትፈትሽለት ፋብሪካ ከአሥራ ሁለት ጠብታ በላይ የሆነውን አይረከብም። ከሃያዎቹ ውስጥ «ተመላሽ» ብለህ የጻፍክባቸው ዘጠኝ ናቸው፤ በእኔ ቆጠራ መመለስ የነበረባቸው ሁለት ብቻ። አምና የነገርከኝ ባለ ሰማያዊ በርሜሏ ሴትዮ ትዝ አለችኝ። አሮጌ ዘይት አልቀላቀልኩም ብላ በልጆቿ ስትምልልህ፣ ጠብታ አይዋሽም ብለህ በርሜሎቿን መልሰህ አስጫንካት። እኔም በስልክ ደግ አደረግክ አልኩህ። ሴትዮዋ ግን አልዋሸችም ነበር።

ስለዚህ ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንደኛው ዘዴው ትክክል ነው፣ ቁጥሮቹ ግን አልተደገሙም፣ ምክንያቱን ባለ ሥራው ያጣራ ይላል። ሁለተኛው ባለ ሥራውን አውቄ ሣጥኑን አለመመለሴን የሚናዘዝ ነው። ስምህን አልጠራሁም። ስለ ዓይንህም አንዲት ቃል አልጻፍኩም፤ እሱን የምትናገረው አንተ ነህ።

የማኅበሩን ሊቀ መንበር ታውቀዋለህ፤ ቃል ሳይመዝን ስለማይናገር «ሚዛኑ» የምትሉት ነው። ቢሮው ጠርቶኝ ለሦስት ዓመት ከደጋሚነት መታገዴን ነገረኝ። ተገቢ ነው አልኩት። ሣጥኑን ለሌላ ደጋሚ ልኮት እሱም በመጀመሪያው ጠርሙስ እንደ እኔ አሥራ አንድ ማግኘቱን ጨመረልኝ። ባለ ሥራው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም። እስከ በሩ ሸኝቶኝ፣ ይህን የመሰለ ብልህ ሥራ ማኅበሩ ደጃፍ ደርሶ እንደማያውቅ፣ ሠንጠረዡ ታርሞ ቢመለስ የሚመጣው ዓመት ሩቅ እንዳልሆነ፣ መሬት መሬት እያየ አጫወተኝ። የዘንድሮው ሜዳሊያ ለቆዳ ፋብሪካው ሰውዬ ይሰጣል። የማኅበሩ ደብዳቤ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርስሃል፤ ደረቅ ሦስት መስመር ነው። ከሱ በፊት ከእኔ አፍ እንድትሰማው ነው መቸኮሌ።

ተናድጄብሃለሁም። ለሰው ሁሉ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ስትል የኖርክ ሰውዬ፣ የራስህን ጉዳይ እንዴት እንዲህ ትደብቃለህ? ልጅህ እኮ ነኝ። ብትነግረኝ ኖሮ መጥቼ አጠገብህ ቆሜ ቀለሙን እኔ አይልህ ነበር፤ ጠብታውን አንተ ትቆጥር ነበር። ደግሞ እወድሃለሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ነው እንቅልፍ የነሡኝ።

አሁን ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። እዚህ ያለችውን የዓይን ሐኪም አማክሬያት፣ እንደነገርኳት ከሆነ ሞራ ሳይሆን አይቀርም፣ ሞራ ከሆነ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ይነሣል አለችኝ። ወር በገባ በአሥረኛው ቀን ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፤ የልጅቷን ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ። ሁለተኛው ከባድ ነው። ከመምጣትህ በፊት ፋብሪካው ሄደህ ዘይታቸውን ስለመለስክባቸው ሰዎች ራስህ ንገራቸው። ሌላ ሰው ደርሶበት ቢነግራቸው ሠላሳ ዓመት ያከበሩህ ሰዎች ዓይን ላይ ምን እንደሚመጣ ላስበው አልችልም። አንተ ብትነግራቸው ግን አሁንም ያው አንተ ነህ።

ይቅርታም አድርግልኝ። የጻፍኩትን ብመልሰው ያንኑ እጽፋለሁ፤ ቀድሜ ላንተ አለመንገሬ ግን ይቆጨኛል።

አሁን ደግሞ እማዬ፣ ላንቺ።

ባለፈው ደብዳቤዬ ከመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ መውደቄን ለአባዬ ጽፌ፣ ትጨነቃለችና ለእማዬ አደራ እንዳትነግራት ብዬው ነበር። ደብዳቤው በደረሰ በማግስቱ ደውለሽ የቀኝ ቁርጭምጭሚቴን በምን ማሸት እንዳለብኝ አዘዝሽኝ። አባዬ አደራ በልቶ አያውቅም። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁን ግን ደብዳቤዬን ማን እንደሚያነብለት አውቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠይቅሽምም።

ስለዚህ እማዬ፣ አንድም መስመር ሳታስቀሪ አንብቢለት፤ የሴትዮዋንም፣ የሜዳሊያውንም። ድምፅሽ ቢቆራረጥ ውኃ ጠጥተሽ ቀጥዪ። ስትጨርሺ አጠገቡ ተቀመጪ። ለቀጠሮው ስትመጡ ደግሞ መንገድ ላይ እጁን እንደያዝሽ ነይ፤ ከእንግዲህ ክንዱን የምትይዢው ስለምትወጂው ብቻ ነው ብለሽ ሰው ማሳመን አይጠበቅብሽም።

ፈጣሪ ሁለታችሁንም በአንድ ጣሪያ ሥር ዕድሜ ሰጥቶ ያቆይልን። ቤታችሁን ሰላም፣ ደጃችሁን ብርሃን ያድርግላችሁ።

የምትናፍቃችሁ
ልጃችሁ