ለሜሮን የሰጠኋት መልስ

እታለም ኪዳነምሕረት፣ ከነልጆችሽ ሰላም ነሽ ወይ? እኔ እዚህ ባሕሪ ከተማ፣ ሰዉ በዓረብኛ እንደሚለው፣ ተማም፣ ደህና ነኝ። ሙቀቱም በረድ ብሏል።

የማጸዳበት ቤት እመቤት "ለምንም አትሆኚም" ትለኛለች፤ አሁን አሁን እሷ በሌለችበትም ይሰማኛል። ስለዚህ በኢንተርኔት አማርኛ የምትናገር የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጌ አገኘሁ። ሜሮን ትባላለች፤ ዛሬ ማታ በስልክ አወራን።

"ከራስሽ የምትወጂውን አንድ ነገር ንገሪኝ" አለችኝ።

ብዙ አሰብኩና "እህቴ ደግ ናት" አልኳት።

"ስለ አንቺ ነው የጠየቅኩሽ" ስትለኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ዛሬ ብቻሽን እንዳታድሪ። አብሮሽ ማን አለ?" አለችኝ።

"እህቴ አለች" አልኳት፤ አንቺን ማለቴ ነው።

እታለም፣ ይህን መልእክት ስልክሽ ላይ እንዳየሽ ደውዪልኝ። ተኝተሽም ከሆነ ተነሺና ደውዪ። ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ መድኃኔዓለም ይጠብቃችሁ።

ናፋቂሽ ጸሐይወርቅ