ትራክተሩ ምንም አልሆነም

ወንድምዓለም፣

ፓምፑን ደግመህ እንዳትፈታው። የናፍጣ ታንከሩ፣ ሰልባትዮው ስር ያለችውን መዝጊያ ክፈትና መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር አስወጣ፤ ወዲያው ይነሳል።

የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ራዲያተሩ ስለሚያንጠባጥብ ከመውጣትህ በፊት ውሃ ሙላው። የአየር ፊልትሮውንም አራግፈው። ፍሪሲዮኑን በቀስታ ልቀቅ፤ አሮጌ ነው፣ ጥድፊያ አይወድም። ለነገሩ አንተ የማታውቀው ምን አለ!

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ብረት ስር ስጋደም አባባ አንድ ቀን "ጎሽ" ብሎኝ አያውቅም። አንተ ከከተማ በመጣህ በሦስተኛው ሳምንት ቁልፍ አዞርክና ተነሳልህ። "እጅ ማለት እንዲህ ነው!" አለ አባባ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ። በዋዜማው ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል አውጥቼ ያጠብኩት እኔ ነበርኩ። መዝጊያዋን የዘጋሁት ለዚህ ነው።

ትናንት "ማነው ያበላሸው?" ብሎ ሲጮህብን፣ "እኔ ሳልሆን አልቀርም አባባ፣ ሳላውቅ ነካክቼው ይሆናል" አልከው። የምርህን እኮ ነው! ቀኑን ሙሉ ጥፋትህን ስትፈልግ አጠገብህ ቆሜ መፍቻ አቀበልኩህ።

ተኝተሃል፤ ልቀሰቅስህ አልደፈርኩም።

የአክስታችን የውሃ ሞተር ስለቆመ እሱን ልጠግን ሄጃለሁ፣ ማክሰኞ እመለሳለሁ። አንተ ማረሱን ጀምር፣ ዝናቡ ደርሷል።

ለአባባ አሁን በር ላይ እውነቱን ነግሬዋለሁ።

ዛሬ ስታርስ አይቶ ያመሰግንህ ይሆናል። ደስ ብሎህ ተቀበለው። ብቻ እኔ ስመለስ እንዳትነግረኝ፤ ቅናቱ ገና አልለቀቀኝም።

ታላቅህ