የዮናስ ቤዝመንት መስኮት

እሑድ፣ ጃንዋሪ 15፣ 2017

ከቅዳሴ በኋላ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትዎርዝ ሰፈር፣ ልጄ ዮናስ ጋ ሄድኩ። ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ በፕላስቲክ ድንኳን ዊድ፣ ማሪዋናውን፣ ያበቅላል። የዲሲ ሕግ ፈቅዷል ይላል፤ እኔም መከራከር ትቻለሁ። ተክሎቹ ቶሎ እንዲያድጉ ከሲሊንደር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅላቸዋል። አልጋው ከድንኳኑ አጠገብ ነው።

ምግብ ሊያሞቅ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከአልጋው በላይ ያለው መስኮት ገርበብ ብሎ አየሁት። ሳላስበው ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ሲመለስ ሮጦ ከፈተው።

«እማዬ፣ ልትገይኝ ነው እንዴ? ጋዙ ካመለጠ እኮ አይሸትም። ተኝቼ ብቀርስ?»

«ብርድ እንዳይመታህ ብዬ ነው።»

«ሐበሻና ንፋስ!» ብሎ ሳቀ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስለዚህ ጋዝ ላይብረሪ ሄጄ አንብቤአለሁ። ማንበቤ እጄን አላስቆመውም። አባቱም በሕይወቱ የመጨረሻ ሳምንት ትንፋሽ እያጠረው «መስኮቱን ክፈችልኝ» ሲለኝ፣ «ብርዱ ይብስብሃል» እያልኩ ከለከልኩት። ዮናስ ያኔ ኮሌጅ ነበር። ይህን አያውቅም።

አልጋህን ወደ ላይ አውጣው ብዬ ለመንኩት። «ኦኬ እማዬ» አለኝ። እንደማያወጣው ገባኝ። ኮቴን ሲያለብሰኝ፣

«አባዬ ግን ንፋስ ይወድ ነበር አይደል? መኪና ውስጥ ሁሌ መስታወቱን ዝቅ ያደርግ ነበር» አለኝ።

«በጣም ይወድ ነበር» አልኩት።