ሁለተኛው ምንጭ እህቴ ነበረች

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ደህንነትን፣ ለባልደረቦችዎም ብርታትን እመኛለሁ። ምኞቴ የልብ ነው፤ ከእናንተ በአንዱ ላይ ክፉ ነገር ቢደርስ ለሚስቱ ፎቶውን ማን ቀድሞ እንደሚያሳያት ሳስብ ይጨንቀኛልና።

እኔ ጋዜጣችሁን በየወሩ እየጠረዝኩ መደርደሪያ ላይ የማስቀምጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥራዞቻችሁን ከምድር ቤት ወደ ፎቅ፣ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ተሸክሜአለሁ። ስለዚህ ይህን የሚጽፍልዎ የጋዜጣ ጠላት ሳይሆን በጋዜጣ ጀርባው የጎበጠ ወዳጅ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ።

የምጽፈው ከአምስት ሳምንት በፊት በድረ ገጻችሁ ስላወጣችሁት የአርባ አንድ ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ሟቹ የአሳንሰር ጠጋኝ የእህቴ ባል ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «ቀስ በል» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ መሰላል ለሚወጣውም፣ ደረጃ ለሚወርደውም፣ ትኩስ ሻይ ለሚጎነጨውም እሱ የሚለው ይህንኑ ነበርና። ከሰባተኛ ፎቅ በአሳንሰሩ ጉድጓድ ወድቆ ሞተ። ያን ቀንም ቢሆን እሱ አልቸኮለም፤ የቸኮለው ገመዱ ነው። ቀጥሎ ደግሞ እናንተ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ የሥነ ምግባር ደንባችሁን አክብራችሁ የሟቹን ፊት በማደብዘዛችሁ አመሰግናለሁ። የሥራ ጃኬቱን እጅጌ ግን ጥርት አድርጋችሁ ተዋችሁት። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ያ እጅጌ ባለፈው ክረምት ክርኑ ላይ ሲቀደድ የጣፈችው እሷው ናት፤ ቡናማ ክር አልቆባት ስለነበር በአረንጓዴ ሰፋችው። ባሏ ሲስቅባት «ደግሞ ክርንህን ማን ያየዋል?» ብላው ነበር። እስከ ትናንት ማታ ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል።

ሁለተኛ፣ ዜናን ከሁለት ምንጭ ሳታረጋግጡ የማታወጡ በመሆናችሁ እንደ አንባቢ ኩራት ይሰማኛል። የመጀመሪያው ምንጭ የሕንፃው ጥበቃ ነበር። ሁለተኛው ምንጭ እህቴ ነበረች። ዘጋቢያችሁ የሱቋን አድራሻ ከሟቹ የሥራ ጓደኛ ተቀብሎ በሞተር ሳይክል ገሰገሰ። በዚያው ሰዓት እኔና የባሏ አለቃ በታክሲ ወደዚያው እየሄድን፣ የትራፊክ መብራት አቁሞን፣ ማን ይጀምር እየተባባልን ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው መጀመሪያ ወንበር ሰጥተን እንድናስቀምጣት፣ ቀጥሎ «ጉዳት ደርሶበታል» እንድንላት፣ የቀረውን ደግሞ እኔ እጇን ይዤ እንድነግራት ነበር። ዘጋቢያችሁ ይህ ሁሉ ጣጣ አላስፈለገውም። ፊቱ የደበዘዘውን ፎቶ ከነስልኩ ባንኮኒዋ ላይ አስቀምጦ፣ በሌላ ስልክ እየቀረጸ፣ ባለቤቷ መሆኑን ታረጋግጥለት እንደሆነ በጨዋ አንደበት ጠየቃት። እሷም ደንበኛ መስሏት፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል፣ ፊቱ እኮ አይታይም አለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄ ክር የኔ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ በቪዲዮው ላይ ያለውን ሠላሳ ሰከንድ አልተርክልዎትም፤ ርእስ ያወጡለት እርስዎ ስለሆኑ ሰምተውታል ብዬ አምናለሁ።

እኛ የደረስነው ከስምንት ደቂቃ በኋላ ነው። የስፌት መኪናዋ መብራት አልጠፋም፤ የሰው ሱሪ መርፌው ሥር እንደተያዘ ቀርቷል። እህቴ ስታየኝ ገና ያልሰማሁ መሰላት። ተነስታ የራሷን ወንበር ወደ እኔ ሳበችና እጄን ያዘች።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ዜና ስጠርዝ እንዲህ በሥርዓቱ የተነገረ ዜና አላጋጠመኝም። ለባልደረቦችዎ ሥልጠና የሚሰጥ ባለሙያ ከፈለጉ አድራሻዋን ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛ፣ በዜናው ውስጥ የሕንፃውን ስም «አንድ ሕንፃ» ብላችሁ በመጥራት ላሳያችሁት ጥንቃቄ አድናቆቴ ይድረሳችሁ። ሙሉ ስሙን ግን ከዜናው ጎን፣ የሚከራዩ ቢሮዎች እንዳሉት በሚገልጸው ማስታወቂያ ላይ፣ በቀላሉ አገኘሁት። ፊት የሚሸፈነው ለማን እንደሆነ ከዚህ ተማርኩ።

አራተኛውን ምስጋና ለማለት ፈልጌ አልሆነልኝም፤ ልመና ነው። እህቴ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አላት። የትምህርት ቤቷ ልጆች በእረፍት ሰዓት ቪዲዮውን ይከፍቱታል። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ እናቷን፣ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመሽ ስሜን ጮክ ብለሽ አትጥሪ፣ ድምፅሽን ያውቁታል ብላ ለመነቻት። እናትየው አሁን መንገዱን ተሻግራ፣ አፏን ይዛ ትጠብቃታለች።

ቪዲዮው እንዲነሳ ሁለት ጊዜ ጽፌ ነበር። ለሁለተኛው፣ ፊት መሸፈኑን፣ ጉዳዩም የሕዝብ ጥቅም ያለው መሆኑን፣ ማህደር መሰረዝም ከመርሃችሁ ውጪ መሆኑን በሦስት መስመር ገልጻችሁልኛል። ለማህደር ያላችሁን ፍቅር ከእኔ በላይ የሚረዳ አይገኝም። የታተመውን ጋዜጣ ቅደዱ አልልም፤ ያን ቀን የወጣውን እትም እኔው በገዛ እጄ ጠርዤዋለሁ፣ ቦታውም አልተጓደለም። የምለምነው ወረቀት ስላልሆነው፣ በአንድ ጣት ስለሚነሳው ነው። አንዲት እናት ልጇን በስሟ እንድትጠራ ይፍቀዱላት።

በጽሑፋችሁ ብዙ የተማርኩ፣ በዝምታችሁ ደግሞ የበለጠ የተማርኩ፣ ጥራዛችሁን እስከ ጡረታዬ ለመሸከም የተዘጋጀሁ፣

ትሑት አንባቢዎና የሁለተኛው ምንጭ ታላቅ ወንድም

ማስታወሻ፦ እህቴ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ልክ የጨርቁን ቀለም የመሰለ ክር ካላገኘች ግን ምንም ብትለመን ልብስ አትጠግንም። እርስዎ ዛሬ ከቢሮ ሲወጡ ኮትዎን አንድ ጊዜ ቢመለከቱት መልካም ነው፤ ቁልፉን ማን እንደተከለው፣ በምን ቀለም ክር እንደተከለው። ስለ ፊትዎ አያስቡ፤ እሱን ባልደረቦችዎ ይሸፍኑልዎታል።