ስም ላልወጣላቸው የተሰጠ ቀን

ልጄ፣ የእናትሽ አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አያግኘው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ቢለግምም መዶሻዬ አልለገመም። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ጡረተኛዋ መምህርት ናት፤ ከራሷ አንድም ቃል እንዳትጨምር አስምያታለሁ።

ለቤተክርስቲያኑ ደረጃ ድንጋይ እየጠረብኩ ነው። ቄሱ ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በፊት ጨርስ ቢሉኝ፣ "እያንዳንዱ ቅዱስ የራሱ ቀን አለው፤ የሁሉም ደግሞ ለምን አስፈለገ?" አልኳቸው። በጥንቱ የስደት ዘመን ሰማዕታቱ ከመብዛታቸው የዓመቱ ቀን አልበቃ አለ፤ የብዙዎቹን ስም የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ስለሆነ ለሁሉም አንድ ቀን ተሰጠ አሉኝ። ሰው ያን ቀን መቃብር ላይ ሻማ የሚያበራውም ለዚሁ ነው አሉ።

"ስም ያልወጣለት ሕፃንስ?" አልኳቸው።

"ቀኑ የሱም አይደል እንዴ!"

መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ከአንቺ በፊት የተወለደው ወንድምሽ ሦስት ቀን ነው የኖረው። ለአገር ምድሩ የመቃብር ድንጋይ ስጠርብ ለሱ አልጠረብኩም። እናትሽ በየዓመቱ ወደ መቃብሩ ስትሄድም "ያለፈ አልፏል" እያልኩ አንድ ቀን አልተከተልኳትም።

መምህርቷ "ጋሼ፣ ይሄንንም ልጻፈው?" አለችኝ።

"ጻፊው እንጂ! ልጄ ናት፣ ዳኛ አይደለችም።"

አሁን ጠርቤለታለሁ። ትናንት ሻማ ይዤ መካነ መቃብሩን ስዞር ዋልኩ፤ የሱን ቦታ ግን አላገኘሁትም። እናትሽ አንቺን ይዛ ትሄድ ነበር። ተባረኪ፣ የልጅ ልጅሽን ያሳይሽ። በዓሉ ሳያልፍ ከየትኛው ዛፍ በየት በኩል እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እናትሽ ካረፈች ወዲህ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

አባትሽ