ለመመለሻው ያቆየነው ሻይ

ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.፣ አሰላ

የባለቤቴን የተፈራን መርዶ ከተረዳሁ ዛሬ ሠልስት ሆነ። ለቀስተኛው ሲበዛ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ሻይ ቅጠል ፍለጋ ቁምሳጥኑን ከፈቱና አንዲት የሻይ ቆርቆሮ አገኙ። ሆስፒታል አብሮት ይሠራ የነበረ ቻይናዊ ሐኪም ለተፈራ የሰጠው ኡሎንግ የሚባል የቻይና ሻይ ነው።

«ከግንባር ስመለስ እንቀምሰዋለን፤ ስኳር አይገባበትም፣ ለማጣፈጫው ሙሸበክ እገዛልሻለሁ» ብሎኝ ነበር የሄደው።

እትዬ አስካለ በትልቁ ማንቆርቆሪያ ከስኳርና ከቅርንፉድ ጋር አንተከተኩት። ምን ልበላቸው? ከንጋት ጀምረው ለእኔው ሲደክሙ ነው የዋሉት። ለቀስተኛው ሁሉ ጠጣ። እኔም ጠጣሁ፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል እንጂ ሌላ ጣዕም አጣሁበት።

«ትንሽ ተርፏል፤ ላስቀምጥልሽ ልጄ?» አሉኝ ቆርቆሮዋን ይዘው።

«እሱንም ጨምሩት እትዬ» አልኳቸው።