ካውያ ያልነካው ጊታር

ይድረስ ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

እማ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስወጣ ያዝ ያደርገኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ እኔ እንዳልጨነቅ ነው ተሻለኝ ያልሽው? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብ አልበላ ማለትሽን ከእህቴ ሰምቻለሁ፤ እሷን አትቆጪያት፣ ጨቅጭቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። እኔ አለሁ። እጄ ቀለም በቀለም ሆኗል፣ ወገቤን አልፎ አልፎ ያመኛል እንጂ ሰውነቴ ደህና ነው። የልቤን ግን ከታች የምጽፈውን አንብበሽ አንቺው ፍረጂ።

ይህን ደብዳቤ ሳጥኑ ላይ ለጥፌ ልኬልሻለሁ። አፈር ስሆንልሽ፣ ሳጥኑን ከመክፈትሽ በፊት መነጽርሽን አድርጊና አንብቢው። ቁርጡን ልንገርሽ፤ ውስጡ ያለው ጊታር የወንድሜ አይደለም። ቅጥነቱን አይተሽ ጭራሮ ያልሽው ልጅሽ ሲጫወትበት የኖረውን ጊታር አውቶቡስ ውስጥ ረስቼ ጥዬዋለሁ።

ያረፈ ዕለት ነው። ነርሷ ልብሱን በአንድ ፌስታል፣ ጫማውን በሌላ ፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ጊታሩም አልጋው አጠገብ ነበርና አንግቼው ወጣሁ፤ መጫወት ሲያቅተው እንኳ ልየው ብሎ ለምኖ ያስመጣው እሱ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር አገኘሁና ጊታሩን ከጎኔ አቆምኩት። ጫማውን ግን ታቀፍኩት። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፣ ቀልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። ቤቴ ደርሼ በሩን ስዘጋ ነው ትከሻዬ ባዶ መሆኑ የታወቀኝ። ሮጬ ተመለስኩ፣ ግን ያ አውቶቡስ የት ይገኛል! ከቀብሩ በኋላ የጠፋ ዕቃ ወደሚቀመጥበት ቢሮ ተመላለስኩ። ሠራተኛዋ ገና ከበሩ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች። በኋላ እሷን ማሳዘኑ ከበደኝና ቀረሁ።

አንቺ ደግሞ በስልክ «መቃብሩን አላየሁት፣ እጁ የነካውን ላክልኝና ልንካው» አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁሽ። አንዴ ማሸጊያ አጣሁ፣ አንዴ ፖስታ ቤቱ ዝግ ነው፣ አንዴ አሞኝ ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ! ከካውያ ጠረጴዛሽ በላይ ሚስማር መትተሽ እንደምትጠብቂ፣ ባዶውን ሚስማር በጨርቅ እንደምትወለውዪው እህቴ ነገረችኝ። አንዱን ሠርቼ የሱ ነው ብዬ ልላክልሽ ያልኩት ያኔ ነው።

ለካ የኤሌክትሪክ ጊታር ተበታትኖ በካርቶን ይሸጣል፤ ገዝተሽ ራስሽ ትገጣጥሚዋለሽ። ያልተቀባ እንጨት፣ አንገቱ ለብቻው፣ ሽቦው፣ የክሩን ድምፅ የሚይዘው ማግኔት፣ ክሩና የክር መወጠሪያው በየትንንሽ ላስቲኩ ታሽጎ መጣ። ቅርጹ ቁርጥ የሱን ነው። በር የምንሠራበት ቤት አለቃዬ አንድ ጥግ ሰጠኝና ከሥራ ስወጣ እዚያ ስለፋ ከረምኩ። ጭራሮ ቢያየኝ መሳቂያ ያደርገኝ ነበር፤ «ያንተ እጅ ለበር ማጠፊያ ነው» ይለኝ የለ? እውነቱን ነው፣ አንገቱን ሁለት ጊዜ አጣምሜ ገጥሜ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ሽቦውን ስበይድ ጣቴን አቃጠልኩ። ቀዩን ቀለም ስስ ስስ አድርጌ ሰባት ጊዜ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ፊት የሚያሳይ ሆነ። አለቃዬ እሰይ፣ ጨረስክ አለኝ። እኔ ግን ገና መጀመሬ ነበር።

ማስረጀት ነበረብኛ። ጭራሮ ክንዱን የሚያሳርፍበትን ቦታ እንጨቱ እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። የቀበቶው ዘለበት የሚጭረውን ጀርባውን በቁልፍ ጫርኩት። ብረታ ብረቱን ኮምጣጤ ካለበት ማሰሮ ውስጥ አንጠልጥዬ ከደንኩት፤ በማግስቱ ብልጭልጩ ሞቶ ወጣ። ነጩን ፕላስቲክ ሻይ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። አለቃዬ ይህን አይቶ «ሰው አሮጌውን ለማደስ ይለፋል፣ አንተ አዲሱን ታስረጃለህ፤ ልጄ፣ ጤና ነህ?» አለኝ። ነገርኩት። ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

ከሁሉ የከበደኝ ማስታወሱ ነው። ከአንቺ ርቀን አራት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ስንኖር ያን ጊታር ተኝቼም ተነሥቼም አየው ነበር። ጠባሳዎቹን ላስታውስ ብዬ ስቀመጥ ግን ከአምስት አላለፍኩም። ጠርዙ ላይ የተፈለጠች ቦታ ነበረች፤ በምን እንደተፈለጠች ግን አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ይቺ ምን ሆና ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ድምፁን ቀንስልኝ ነበር የምለው። እማ፣ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢያስጮኸው ምን ነበረበት!

በመጨረሻ አንድ ጠባሳ ቀረኝ፣ ያንቺው። ጊታሩን በገዛ በሳምንቱ ካውያ ጠረጴዛሽ ላይ አጋድሞት ሲወጣ፣ አንቺ የሰው ሸሚዝ እያገላበጥሽ ሳታዪ የጋለውን ካውያ ከክሮቹ በታች አሳረፍሽበት። የቀለሙ ሽታ ሲመታሽ ራስሽን ይዘሽ ጮህሽ። እሱ ሮጦ መጥቶ አየና በሳቅ ፈረሰ፤ «እማ ፈርማበታለች፣ ከእንግዲህ ማንም የኔ ነው አይልም» አለ። ሆስፒታልም ሳለ፣ ክሩን መምታት ሲያቅተው፣ ጊታሩን ደረቱ ላይ ሳደርግለት ያቺን የካውያ ጠባሳ በአውራ ጣቱ ያሻት ነበር። አሁን ማን ዘንድ እንዳለች እንጃ። ያገኛት ሰው ምን እንደሆነች አያውቅም።

ካውያ ተውሼ አጋልኩ። ጊታሩን አጋድሜ ካውያውን ከላዩ ያዝኩት። ወላፈኑ እጄን እስኪለበልበኝ ቆምኩ። አልቻልኩም፣ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ሌላውን ጠባሳ ሁሉ ሳስመስል ወንድሜን እያስታወስኩ ነው እል ነበር፤ ይህኛውን ባስመስል ግን አንቺን መስረቅ መስሎ ታየኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ። እውነቱን ልጽፍልሽ የወሰንኩት እዚያው ነው።

እማ፣ ይቅር በዪኝ። ጊታሩን መርሳቴ ሳያንስ ስምንት ወር ባዶ ሚስማር አስጠበቅኩሽ። ይህን ማየት ካስጠላሽ ለእህቴ ስጪያትና ዓይንሽ ከማያየው ቦታ ታስቀምጠው፤ ቅር አይለኝም።

እህቴን ሳሚልኝ፣ አንቺን በዓይኗ ስለምትጠብቅልኝ ውለታዋ አለብኝ። ባለቤቷን፣ ያን ዝምተኛ፣ በርታ በዪልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝና ክሩን በጥሰው እንዳይጣሉበት አደራ በዪያቸው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በለቅሶው ሰሞን ከጎንሽ ስላልተለየች እጇን ስሜያለሁ።

ከክሮቹ በታች ያለውን ቦታ ሳልነካው ትቼዋለሁ። ሌላው ሁሉ ሲያረጅ እዚያ ጋ ቀለሙ አዲስ ነው፣ ስትከፍቺው ታዪዋለሽ። ሚስማሩ ላይ ይሰቀል ካልሽ፣ ካውያሽን አግዪና አንቺው አሳርፊበት።

ልጅሽ

ከበር መሥሪያው ቤት፣ ከቀለም ክፍሉ
እሑድ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን